የእቴቴ ጥፍር

አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ
ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለውብሸት፣

የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ ግን ሁላችንም ቤት አይደለንም፤ ይህን የምጽፍልህ ሆስፒታል፣ ከልጃችን ከሙሉዬ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። አትደንግጥ፤ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓታል።

ከሄድክ በኋላ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። «ቶንሲሏ መውጣት አለበት፤ አሁን ግን መግል ይዟል። ሳይደርቅ ከተነካ መግሉ ወደ ደሟ ይገባል» ብሎ ለሰኔ ቀጠረን። እናትህ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ።

«ልጅ በቀጠሮ ይታመማል? አስተኝተው በቢላ ሊያርዱልሽ ነው? የባልሽን ጉሮሮ ማን ያዳነው ይመስልሻል?»

«እባክዎ እቴቴ፣ ሰኔ ይድረስ» አልኳቸው። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የተስማሙ መሰለኝ።

ቅዳሜ ነጠላዎቹን ላስረክብ ወጥቼ ስመለስ ሙሉዬ ከንፈሯ ቅቤ ተቀብቶ ታለቅሳለች። እቴቴ ቶንሲል ለማፍረጥ ብለው ያስረዘሙትን የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያከሙበት፣ አንተም የምትኮራበት ጥፍር ነው።

«ገላገልኳት» አሉኝ።

ማክሰኞ አንገቷ አበጠ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። ጎረቤታችን ጋሼ ጃፋር በጭነት መኪናቸው አደረሱን። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ አየና «ማን ነካት?» አለኝ። «ቤት ውስጥ ነው» አልኩት። መግሉን አወጡላት፤ ፔኒሲሊን ይወጓታል። ዛሬ ወተት በማንኪያ ሰጠኋት፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ድምፅዋ ገና አልመጣም። ሐኪሙ ይመጣል ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይነግረኝም።

ትናንት ልብስ ልቀይር ቤት ስደርስ የሰፈራችን ሐዋ ትንሿን ልጇን ይዛ ደጃችን ቆማለች።

«እቴቴ፣ እንጥሏ ወርዶ እህል አልቀምስ አለችኝ። እስቲ በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉልኝ።»

«ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«እርስዎ እያሉልን?» ሐዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

እናትህ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩዋት። ጥፍሩ የለም። በምላጭ ከሥሩ ቆርጠውታል፤ ጣታቸው ደም ቋጥሮ ነበር። ሐዋ ስትሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለውብሸት ጽፈሽለታል?»

«እጽፍለታለሁ።»

ከቅዳሜ ወዲህ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

ና አልልህም፤ መኪናውን ጥለህ መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። ለእናትህ ስትጽፍ ግን አስበህ ጻፍ። እሳቸው ፊደል አያውቁም፤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የምትላቸውን ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚሰሙት። እኔ ደግሞ እስካሁን ምንም አላልኳቸውም፤ አንዴ ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም።

አምላክ ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ፤ በሰላም ያገናኘን። ሙሉዬ አባዬን ሳሚልኝ ብላለች። በእጇ ነው ያሳየችኝ።

ባለቤትህ ሸዋገነት