በክርኔ ልክ

ውድ የቀድሞ ባሌ፣

«ውድ» ያልኩህ ተወደህብኝ አይደለም። ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብላ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ስላስተማረችኝ ነው። በትዳር ሳለን «አንቱ» እልህ ነበር፤ አሁን «አንተ» እልሃለሁ። ቅር ካለህ እዚህ ላይ አጥፈህ አስቀምጠው።

ለልጃችን ያልካትን ሰምቻለሁ። «እናትሽ ብቻዋን ከምትቸገር ልመለስ፤ ቤቱንም ወጥ ቤቱንም በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለሃል። እውነት ነው፤ ሠርተኸዋል። መደርደሪያውን ሁሉ በራስህ ቁመት ሰቀልከው። አንተ ቀውላላ ነህ፤ እኔ ብብትህ ሥር ነው የምደርሰው። «አልደርስም እኮ» ስልህ ምስማሩን ከአፍህ ሳታወጣ «በርጩማ አለልሽ አይደል?» አልከኝ።

በዚያ በርጩማ ላይ ስወጣና ስወርድ አረጀሁ። ድስት ለማውረድ እወጣለሁ፣ ጨው ለመመለስ እወጣለሁ። አንተ ወደዚያችኛዋ ቤት ስትሄድ የቀረልኝ እሱ ነው። የስንብት ወረቀትህን እንኳ ያነበበልኝ ጎረቤት ነበር፤ እሱ ጉሮሮውን እየጠራረገ ሲያነብ እኔ መሬት መሬት ሳይ። ፊደል ለመቁጠር የቆረጥኩት ያን ቀን ነው፤ ደብተር የያዝኩት ግን በስንት ጊዜው።

በዝናቡ ወራት ከበርጩማው ወደቅሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ። ልጃችን እየሮጠች መጣች።

«በቃ እማዬ፣ ቤቱ ይከራይ። አንቺ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ወይ ደግሞ አባባ ይመለስና ከፍ ያለውን ያውርድልሽ።»

ልብ በል፤ ለድስት ማውረጃ ባል! ልጃችን ክፉ አይደለችም። ግን በሰው ቤት ጥግ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ቆሜ ከምኖር ሞቴን እመርጣለሁ። እሷ ግን «ፋሻው ሲፈታ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላኝ ሄደች።

ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለህ፤ ያቺ ሳቋ ከስፌት መኪናዋ የሚበልጠው። የቀሚስ አንገት ቅርጽ አልመጣ ሲላት ስልኳ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትጠይቃለች። ለእኔም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

«ጠይቂው እንጂ፤ አይነክስም!» አለችኝ።

«ሰው ይመስል?»

«ከሰው ይሻላል። አያኮርፍም።»

በግራ እጄ፣ በአንዲት ጣት፣ «ወጥ ቤት አሳየኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያመጣቸው ሥዕሎች ጉድ ናቸው! ፊት የሚያሳይ ድንጋይ፣ ጣሪያ የነካ ቁም ሣጥን፣ ሎሚ የሞላበት ሳህን። ቀጥሎም ሎሚ፣ ቀጥሎም ሎሚ። አንደኛው ጠረጴዛ እግሩ አምስት ነው። ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አንተም እንደሱ ነህ!» ብዬ ጻፍኩለት። «ሰማይ ላይ የሰቀልከውን ማን ሊያወርደው ነው? እኔ አጭር ነኝ፣ አርጅቻለሁ፣ እጄንም ታምሜያለሁ።»

ምን ብሎ መለሰልኝ መሰለህ? «ቀጥ ብለው ሲቆሙ ክርንዎ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይላል? ድስት ሲያነሱስ የትኛው እጅዎ ይደክማል?»

ስልኩን አስቀምጬ ክርኔን አየሁ። ነፍስ የለውም፤ አያውቀኝም። ለጠየቀው ሁሉ ይህንኑ ይል ይሆናል። አንተ ግን ነፍስ ያለህ፣ አጠገቤ ተኝተህ የምታድር ሰው፣ አንድ ቀን ስለ ክርኔ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ልብስ ሰፊዋ በጠመኔዋ ክርኔ ላይ ምልክት አደረገችና እንደ ሙሽራ ለካችኝ። ልኩን ስነግረው ሐሳብ ያዘንበው ጀመር። ከምድጃው በላይ መደርደሪያ ይሁን አለኝ። «ልታቃጥለኝ ነው?» ስለው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይህቺን ቃል አንተ አታውቃትም። የዕቃ ማጠቢያውን በሩ ላይ ደቀነው፤ እምቢ አልኩ። እንደ መሳቢያ የሚጎተት መክተፊያ ሲለኝ ግን ልቤ ዘለለ። የቀረው የራሴ ነው። መክተፊያውን መስኮቱ ሥር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ መንገደኛ እያየሁ እንድከትፍ። ከባዱ ድስት ሳይነሳ ወደ እሳቱ እንዲንሸራተት ከምድጃው እኩል ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። እሱ እሳቱን ጫረ፤ ያነደድኩት እኔ ነኝ።

የድሮ ረዳትህን፣ ራሰ በራውን፣ ጠራሁት። በግራ እጄ ወረቀት ላይ የሣልኩትን አየና አናቱን አሻሸ።

«እትዬ፣ ይሄማ የልጅ መጫወቻ ሆነ። ጋሼ ቢያዩት ምን ይላሉ?»

«ጋሼህ ሽንኩርት ከትፎ ያውቃል?»

«ኧረ እሳቸውማ ከድንች መለየታቸውንም እንጃ!»

«እንግዲያው ምስማርህን ምታ።»

ጣውላህን አልጣልኩትም፤ ደህና ጣውላ ነው። ከላይ አውርጄ ሥራ አስያዝኩት።

ፋሻዬ ተፈታ፤ ልጃችንም ልብሴን ልትከትበት ባዶ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። «ተቀመጪ፤ እጅሽን አጣጥፊና እዪ» አልኳት። ሾርባ ሠራሁ። ሽንኩርቱን መስኮቴ ሥር ከተፍኩ፣ ድስቱን በአንድ እጄ ገፋ አድርጌ እሳቱ ላይ አደረስኩት፣ ጨዉን ሳልንጠራራ አነሳሁ። እግሬ አንዴም ከወለል አልተነሳም። በልታ ስትጨርስ ሳህን ልታጥብ ተነሳች፤ ቁመቷ ያንተው ነው።

«ውይ እማዬ፣ ወገቤን!»

«ቻይው። እኔም ሰማይ ስቧጥጥ ነው የኖርኩት።»

ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ማነው ይሄን ያሰበልሽ?»

«እኔ። ነፍስ ከሌለው ጋር ተማክሬ።»

«ከአባባ ጋር?» አለችና ራሷ ደነገጠች። እስኪደክመን ሳቅን።

በሩ ላይ ስትደርስ «ታዲያ ለአባባ ምን ልበለው?» አለችኝ።

«አንቺ ምንም አትበይው። እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ።»

ባዶ ሻንጣ መንገድ ላይ ሲንከባለል እንዲህ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ከመስኮቴ ሆኜ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

የዚያችኛዋንስ ወጥ ቤት በማን ቁመት ሠራህላት? ስንት ዓመት ሲበላኝ የኖረ ጥያቄ ነው። አትመልስልኝ፤ አሁን ለቆኛል።

እንግዲህ ለመኖር አትምጣ። ለመጠየቅ ከመጣህ በር አልዘጋብህም፤ የልጄ አባት ነህ። ሾርባ ትጠጣለህ፤ የጠጣህበትንም ታጥባለህ። ወገብህ አልታጠፍ ካለህ ግን አትጨነቅ፤ በርጩማ አለልህ አይደል?

በገዛ እጇ ጽፋ የፈረመችው፣
የወጥ ቤቱ ባለቤት