ውርጭ የመታት የአባዬ በቀቀን

ለውድ ወንድሜ ለጆሪ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኤሎዊንስ አዲሱን ሥራ ለመደችው? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነትም ደህና ነን።

አባዬ የካቲት ላይ በሳንባ ምች መታመሙን በስልክ ነግሬህ ነበር። ምክንያቱን ያልነገርኩህ በሩቁ እንዳትናደድ ብዬ ነው። እማዬ ከሞተች በኋላ ከዘር ያበቀላትን ቁጥቋጦ ታውቃታለህ፤ ቀይ አበባዋ እንደ በቀቀን መንቁር ስለሚንጠለጠል «በቀቀኔ» የሚላትን፣ በትውልድ አገሯ እንኳ ብርቅ ሆናለች እያለ የሚሳሳላትን። ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የራሱን ብርድ ልብስ ከአልጋው ገፎ እሷን ጠቀለላትና እሱ ካፖርቱን ደርቦ ተኛ! ሆስፒታል ነርሷ «ቤትህ ብርድ ልብስ የለም እንዴ?» ብትለው፣ እያቃሰተ «አለ፤ ግን ተይዟል» አላት። እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ።

ድኖ ቤቱ ሲገባ በቀቀኗ ቅጠሏ ረግፎ፣ ግንዷ ከሰል መስሎ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ያየሁት አስፈራኝ። ያን የሚወደውን፣ በሥጋና በድንች ተሞልቶ የሚጋገረውን ፓስቲ አንዴ ጎርሶ ይተወዋል፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እሷን ሲያይ ይውላል። ሰውነቱ አጥንት ብቻ ሆነ።

አክስታችን ታምሲን ይህን ስታይ መጋዝ ይዛ መጣች። «ዴንዚል፣ ሬሳ እኮ ነው የምታስታምመው! ነቅዬ ጽጌረዳ ልትከልልህ» አለችው። እሱም «እኔንም አበቃለት ብላችሁኝ ነበር፤ በመጋዝ ቆረጣችሁኝ?» አላት። እየተነጫነጨች ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግን «ያቺን ሬሳ ልጠይቃት» እያለች መመላለስ አበዛች።

ባለፈው እሑድ ድንች እየላጥኩ ሳለ ታምሲን ከጓሮ ጮኸች። ወደቀች ብዬ እየሮጥኩ ብወጣ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ትጭራለች። «አንተ ግትር! ቶሎ ና፣ እያት!» ትላለች። ከበቀቀኗ ሥር ለጋ ቡቃያ ብቅ ብሏል፤ ገና ጸጉራም፣ ገና ጥፍር የሚያህል። አባዬ በምርኩዙ እየተንገዳገደ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አያት። «አላልኩሽም?» እንኳን አላላትም። የእህቱን ጭቃማ እጅ ይዞ ቆየና «ራበኝ» አለ። ጆሪ፣ ከዚህ ቃል የሚጣፍጥ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ፓስቲውን ጨርሶ ድገሚኝ አለኝ! ሐኪሙም ሳንባው ጠርቷል ብሎናል።

ኤሎዊንን ሳምልኝ። ፒራንን በደንብ ተማር በልልኝ፤ የዴሊያንም ጉንጮች ሳምልኝ። ታምሲን፣ በስልክ የማትደውለው ጣትህ ታሞ ነው ወይ ትላለች። አባዬ ደግሞ እንደምጽፍልህ ሲሰማ «ለቀብሬ ትኬት መፈለጉን ይተወው፤ አበባ ስታወጣ ይምጣ» ብሎሃል።

እህትህ ከረንዛ
ፋልመዝ፣ ኮርንዎል
እ.አ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2018