በአንገቴ ላይ ዘይት ቆሞ ሳለ ስለጠየቅሽኝ ጥያቄ

ለውድ ልጄ ለሳውዳሚኒ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የሌሊት ተረኛነት አሁንም እግርሽን ያሳብጠዋል? የልጅ ልጄ ኒላስ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች? የሙስካት ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እንዲያ ነውና። ነገር ግን ያልሆነውን ሆነ ብዬ መጻፍ አልችልበትም። ከናፍቆታችሁና ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል፣ ወንዙ ድንጋዮቹን ሁሉ ሸፍኗል፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ የጓሮው የኮኮናት ዛፍም በነፋስ ወድቆ የበረቱን ጥግ ሰብሯል፤ ሰውም ከብትም ግን አልነካም።

በስልክ ትቼ በደብዳቤ የመጣሁብሽ ስልክ ጠልቼ አይደለም። እሑድ እሑድ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ አይጮኽም። ራሴ እንዳልደውል ደግሞ ከሰላምታው በኋላ ምን እንደምል አላውቅም። ሲጽፉ ሐሳብ ይሰበሰባል ብለው ነበር ያስተማሩን። እስካሁን አልተሰበሰበልኝም፤ ቢሆንም እጽፋለሁ። ሐኪሙ ሻንኩኒ ጎንበስ ብዬ እንዳልጽፍ ስለከለከለኝ፣ አያትሽ የጸሎት መጽሐፍ ያነቡበት የነበረውን ዘንባላ አትሮኖስ አውርጄ በእሱ ላይ ነው የምጽፈው። መስመሬ ወደ ላይ የሸሸ ከመሰለሽ ጥፋቱ የአትሮኖሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው የዝናቡ ወር ካርኪዳካም በገባ ሰሞን ነው። ጎሕ ሲቀድ እንደ ልማዴ ከኩሬው ወርጄ፣ ራሴን ታጥቤ፣ እርጥብ ጸጉሬን ከማጅራቴ ላይ ስቋጥር ከአንገቴ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራኝ የምዞረው ከነወገቤ ሆነ። አንቺን ጨቅላ ሳለሽ በዘይት እያሸች ያሳደገችሽ ቺሩታ እንደምታውቂያት ምላሷ አያርፍም። «ቲቸር፣ እንደ መዝጊያ ሆኑ እኮ! እርስዎን ለማዞር ማጠፊያ ዘይት መቀባት ነው እንጂ ሰው ማሸት አይባልም» ትለኛለች። እኔ በአንገቴ ስሠቃይ እሷ በቀልድ ትጠግባለች።

መንስኤውን ስጠይቅ ደግሞ ለአንድ ጥያቄ አራት መልስ መጣልኝ። ጎረቤታችን ካርቲያይኒ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዝናብ እርጥብ ጸጉር አንገትሽ ላይ ጠቅልለሽ ነው እንጂ ምን ይሆናል! ውሃው ወርዶ ሥርሽ ውስጥ ገብቷል» አለችኝ፤ ከአናቴ ላይ የሚታሸውን የሥር ዱቄትም በቅጠል ቋጥራ ወረወረችልኝ። በከተማው ሆስፒታል ያለችው ወጣት ወጌሻ ደግሞ ትከሻዬን ተጭና፣ «እማማ፣ ከመጠን በላይ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። እንደ ወታደር ነዎት። ትንሽ ይልቀቁት» አለችኝ። እስቲ አስቢው! እኔ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ራሴ ላይ የጽሕፈት ሰሌዳ ተጭኖ፣ ሳይወድቅ በመተላለፊያው እየተመላለስኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። ስንቱን ልጅ «ቀና በል» እያልኩ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁን ቀና ማለቴ በሽታ ሆነ? ቺሩታ በበኩሏ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ ጨውና በርበሬ ዞራብኝ እሳት ውስጥ ጣለችው፣ ሳልፈቅድላት። ሻንኩኒ ደግሞ ነፋስ ነው አለ፤ በክረምት በገላ ውስጥ ያለው ነፋስ ተነሥቶ ጅማት ያደርቃል፣ ማታ እርጎ መብላትና ቀን መተኛት ያባብሰዋል፣ ትራስዎም እንደ ኮረብታ ነው አለ። ሁሉም ሲናገሩ ትክክል ይመስሉኛል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ሦስቱን በቀይ እሰርዝ ነበር፤ የቱን ሦስት እንደምሰርዝ ግን አላወቅሁም።

ሻንኩኒን ታስታውሺዋለሽ፤ የሽማግሌው የመድኃኒት አዋቂ ልጅ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምረው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። አሁን የአባቱን ወንበር ይዞ እሱ እኔን እንዴት እንደምቀመጥ ያዝዘኛል፤ እኔም እታዘዛለሁ። የጉሎና የሺፈራው ቅጠል ከኮኮናትና ከሎሚ ጋር አቁላልተው በጨርቅ ቋጥረው አንገቴን በትኩሱ ተኮሱኝ። ምሽት ምሽት የመድኃኒት አጥሚት ብቻ ነው የምጠጣው። ከሁሉም የከበደኝ ግን የዘይቱ ነገር ነው። በአግዳሚው የዘይት ሳንቃ ላይ በደረቴ ያስተኙኝና በማጅራቴ ላይ የጥራጥሬ ዱቄት ሊጥ እንደ ቀለበት ክብ አድርገው ይለጥፋሉ። ቀለበቱ መሐል ለብ ያለ ዘይት ያፈሱበታል። ዘይቱ በአንገትሽ ላይ እንደ ኩሬ ቆሞ ይውላል፤ ሲበርድ በጥጥ እየነከሩ ያነሡታል፣ ትኩስ ይተኩበታል። እስኪያበቃ ድረስ መነቃነቅ የለም፣ ማውራትም የለም፤ ሊጡ ከላላ ዘይቱ ጀርባሽ ላይ ይናዳል።

ልጄ፣ አንቺ ያን እሑድ የደወልሽው እኔ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው።

ቺሩታ ስልኩን ከሳንቃው ሥር በዱካ ላይ አቁማ ፊትሽን አሳየችኝ። አንቺ ያየሽው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ጉንጬ ወርዶ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ የተቆጣሁ ሳልመስልሽ አልቀረሁም። ሰላምታዬን እንኳ ሳትጠብቂ፣ ድፍረትሽ ሳያልቅ ልትጨርሺው እንደፈለግሽ፣ «እማዬ፣ ስለ ሰውየው የጻፍኩልዎትን አንብበዋል። እርስዎ እንቢ ካሉ አላገባውም። እሺ ካሉ ግን... ብቻ እንደ አገራችን እሺታ ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትከሻዎ ዘንበል ዘንበል ያድርጉልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አልሽኝ። ከዚያም ጠበቅሽ። እኔ ደግሞ አልተነቃነቅሁም። ዓይንሽ ሲሞላ አየሁ። «ገባኝ» አልሽና ስልኩ ጠፋ።

ቺሩታ ራሷን ይዛ፣ «ኧረ ቲቸር! ዘይቱ ገደል ይግባ! እሺ ይበሏት እንጂ! ልጅ ከዘይት ትበልጣለች!» ብላ ጮኸች። ከዘይቱ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም ነበር። ተነሥቼ ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ እሷ ግን እስከ ማታ ድስቱን እያንኳኳች ዋለች።

አሁን ይህን ስታነቢ «እንግዲያው ዘይቱ ነው የከለከላት» ብለሽ እፎይ ትዪ ይሆናል። እኔም ለካርቲያይኒ የነገርኳት እንደዚያ ብዬ ነው። ነገር ግን አፌ አልታሰረም ነበር። «ቆዪ፣ ዘይት ላይ ነኝ» ለማለት የሚያስፈልገኝ አራት ቃል ነው። ማውራት ክልክል ነው ብዬ ዝም አልኩ እንዳልል፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ቺሩታን ስለ ላሚቱ መኖ ስቆጣት ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? እንቢ ለማለት ነው? እንቢ ለማለት ብፈልግ አንደበቴ መቼ ዘግይቶ ያውቃል! እሺ ለማለት ነው? እሱንም አላገኘሁትም። ዘይቱን ሳስብ እንቢ ያልኩት እኔ አይደለሁም እላለሁ፤ አፌን ሳስብ ደግሞ እኔ ነኝ እላለሁ። ይህን እያመላለስኩ አንድ ሳምንት ሙሉ አጥሚቱ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

አንቺ በደወልሽ ማግስት ሻንኩኒ መጣ። ወደ ኩሬው ይዙሩ፣ ወደ በረቱ ይዙሩ እያለ ፈተነኝ፤ ትንሽ ዞርኩ። ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። ራሴን ወደ ትከሻዬ ዘንበል እንዳደርግ ሲነግረኝ ግን ድርቅ አልኩ። እሱ ልጅም ሳለ ከመሳቅ አይመለስም ነበር። «አይ ቲቸር፣ የደረቀው እኮ የእሺው ጅማት ነው! ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰው እሺ ያሉት መቼ ነው? እኛስ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው አይተንም አናውቅ!» አለ። ቺሩታ ከበሩ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እኔም፣ «ለማይረባ ነገር እሺ ስላላልኩ ነው አንተ ማንበብ የቻልከው» አልኩት። እየሳቀ ወጣ። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አሁን ጠዋትና ማታ ከመስታወት ፊት እቀመጣለሁ። ጸጉሬን በእሳት ሙቀት ሳላደርቅ አልቋጥርም፤ ራሴንም የምታጠብ በሞቀ ውሃ፣ ፀሐይ ከወጣ ወዲያ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ልማዴ ይህ ቀላል እንዳይመስልሽ። ትራሴም በቀጭን ጨርቅ ጥቅል ተተክቷል። ትከሻዬን አውርጄ፣ አገጬን ሳላወጣ፣ ራሴን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል አደርጋለሁ። ቺሩታ ስታልፍ፣ «ለማን ነው እሺ የሚሉት ቲቸር? መስታወቱ ምን ጠየቀዎት?» ትለኛለች። እኔም ሥራሽን ሥሪ እላታለሁ። መስታወቱ ምን እንደጠየቀኝ ግን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የላክሽልኝን ፎቶግራፍ አሳትሜዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ማየት ስለተከለከልኩ ከዓይኔ ትክክል ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው የማየው። ሰውየው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጦ የኒላን የትምህርት ቤት ጫማ በብሩሽ ይቦርሻል። አቀማመጡ ከንቱ ነው። ጀርባው እንደ ማጭድ ጎብጧል፣ አንገቱ ወደ ፊት ተሰግጓል፤ ሃምሳ ሳይሞላው ሻንኩኒ ዘንድ ይመጣል። የእሱ ሰዎች የሚጸልዩበት ቤት ሌላ ነው፣ ከማዕድቤታቸው የሚወጣው ሽታ ሌላ ነው፣ ዘመዶቻችን ምን እንደሚሉ አሁኑኑ በጆሮዬ ይሰማኛል። እነዚህን ሁሉ በቅደም ተከተል አስቀምጬ ትክክለኛ እንቢ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ብዕሬን ሳነሣ ያቺ ጫማ ትታየኛለች። ሟቹ ባልሽ ጎፒናታን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለጋብቻ ሊያይሽ የመጣ ቀን ሻይ ሲጠጣ ጀርባው ወንበር አልነካም። «ይህስ የደንብ ልጅ ነው» ብዬ አባትሽን ያግባባሁት እኔ ነኝ። ደንቡም እስከ መጨረሻው አልጎደለም። ጎንበስ ብሎ የሰው ጫማ ሲያነሣ ግን አይቼው አላውቅም፤ እኔም ያንን ለማየት አልጠበቅሁም ነበር። ይህ ከምን ይቆጠራል? ከጥሩ ነው ከመጥፎ? ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ማለትን ስመዝን ኖሬ፣ የጎበጠ ጀርባ በምን እንደሚመዘን አላስተማሩኝም።

አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይባላል። እኔ ዞሬም አይቻለሁ፤ አሁንም የማየው አልጠራልኝም። ያለኝን ግን በትክክል ልንገርሽ። ዛሬ ጠዋት ወደ ግራ ዘንበል ስል ጆሮዬ ትከሻዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወደ ቀኝ ግን ትንሽ ሄዶ ቆመ፤ ብታገልም አልሄደም። እሺ ለማለት ደግሞ ሁለቱም ጎን ያስፈልጋል። ስለዚህ ያለኝ ግማሽ እሺ ነው። ሙሉ ነው ብዬ አልሸነግልሽም፤ እንቢ ነው ብለሽም አታልቅሺ። ግማሹን በዚህ ደብዳቤ ልኬልሻለሁ። ለኦናም በዓል ሦስታችሁም ኑ። ሲገባ፣ ሲቀመጥ፣ ሲበላ፣ ከኒላ ጋር ሲነጋገር በዓይኔ ልየው። የቀረው ግማሽ ያን ጊዜ ይላቀቅ ይሆናል፤ ላይላቀቅም ይችላል፤ በአንገቴ ስም ቃል መግባት አልችልም። ብቻ በመጪው እሑድ ደውዪ። ሳንቃው ላይ አልሆንም፤ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

አንቺም ስልክሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ አትመልከቺ፣ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ከሌሊት ሥራ ስትመለሺ እርጥብ ጸጉርሽን ይዘሽ በማቀዝቀዣው ነፋስ ሥር አትተኚ። የካርቲያይኒ ልጅ ወደዚያ ስለሚመለስ የአንገት ዘይት በሁለት ጠርሙስ አሲዤዋለሁ። አንደኛው ያንቺ ነው፤ ለብ አድርገሽ ከጆሮሽ ሥር ወደ ትከሻሽ አውርጂው። ሁለተኛው ያንቺ አይደለም፤ እንዳትነኪው።

ካርቲያይኒ ሰላም ትልሻለች፤ ዱቄቷን መጠቀሜን እኔ ባልነግራትም ደርሳበታለች። ሻንኩኒ ከነቤተሰቡ ሰላም ይልሻል። ቺሩታ «ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ» ብላለች፤ «ይህንንም ይጻፉ» ብላ አጠገቤ ቆማለች። ለኒላ ሰላም በይልኝ፤ ስትጽፍ ጠረጴዛው ላይ እንዳትተኛ። ለጎረቤትሽ፣ ለዚያች ሾርባ ለምታመጣልሽ ደግ ሴት ሰላም በይልኝ።

ለቫርጊስም ሰላም በይልኝ። ጫማ ሲቦርሽ ዱካውን ትቶ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

እናትሽ
ላክሽሚኩቲ

ኦታፓላም፣ ካርኪዳካም ሃያ ስምንት ቀን፣ ከዝናቡ መካከል