ለሠላሳ አንድ ካርድ አንድ መልስ

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? የስካርብራ የባሕር ንፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ይላሉና መስኮትሽን ጥርቅም አድርገሽ ዝጊ። እኔ ደህና ነኝ። ከግራ ጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ይሠራል፤ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ነውና አልፈርድበትም።

ይህን ደብዳቤ ያለ ማንም እርዳታ፣ በአንድ መቀመጫ፣ አንዲት ፊደል ሳልሰርዝ ጻፍኩት። እሺ፣ በአራት መቀመጫ። የተሰረዘው ወረቀት ለድመቷ ፍራሽ በቅቷል። ግን የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ስታዪው ታውቂዋለሽ፣ እንደ ድሮው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አዎ፣ ወንድምሽ በስድሳ ሁለት ዓመቱ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ስድስት ሆነን ጀምረን ነበር፤ ሦስቱ አቋርጠዋል፣ አንዱ መነጽሩን ቤቱ እየረሳ ይመጣል፣ ከቀረችው ሴትዮ ጋር ደግሞ እኩል ነን።

ለምን እንደተማርኩ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ባለቤቴ ኤልሲ ካረፈች ሁለት ገና አለፈ። ዕቃዋን ሳስተካክል አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ አንቺ በየገናው የላክሻቸው ካርዶች ናቸው፣ እንደ ትኬት ጥቅል በላስቲክ ታስረው። በየዓመቱ ኤልሲ ካርዱን ከፍታ «መልካም ገና ትልሃለች፣ ደህና ናት» ትለኝና ምድጃው አናት ላይ ታቆመው ነበር። እኔም ካርዱ ላይ የተሳለችውን ወፍ አያለሁ፣ በረዶውን አያለሁ፣ «አይ እታለም» እላለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ራሴ ስጨምር ሠላሳ አንድ ሞሉ። ታዲያ በጥር ወር አንዱን ይዤ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። መልካም ገና የሚለው የታተመው ነው። ከሥሩ በእጅሽ የጻፍሽው ሌላ ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው። አሥረኛውን፤ ያው። ሠላሳ አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ፦ «ያን ወረቀት ስትፈርም ምን እንደሚል ታውቅ ነበር?»

ኤልሲን አትቀየሚያት። የቤቷን ሰላም ፈልጋ ነው።

እመልስልሻለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ግን ብዕር ያስያዘኝን ነገር ልንገርሽ። ያ የአውቶቡስ ቀልድ ነው።

መቼም አትረሺውም። ዓርብ ዓርብ ምሽት በቴሌቪዥን የሚመጣው፤ ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ ሥራ ትተው ቀኑን ሙሉ ሴት ሲያሳድዱ፣ ተቆጣጣሪው ማስታወሻ ደብተሩን እንደያዘ ጭቃ ውስጥ ሲዘፈቅ። ያቺ ወፍራም ትኬት ቆራጭ ደግሞ ወደ ላይኛው ፎቅ በወጣች ቁጥር ባለ ፎቁ አውቶቡስ ሲያጋድል፣ በተቀመጠች ቁጥር ወንዶቹ ደወሉን ሁለቴ ሲደውሉባት። በሥራችን ሁለት ደወል «ንዳ» ማለት ነው፤ እነሱ ግን «ጭነቱ ገብቷል፣ ንዳ» ማለታቸው ነበር። አገሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

መምህርታችን ፕራቲማ ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ ግን የኛ ተቆጣጣሪ ብትሆን ኖሮ የጋራዡ አውቶቡስ ሁሉ በሰዓቱ ይወጣ ነበር። «አንድ ያሳቃችሁን ነገር ጻፉ» ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። ስለዚያ ቀልድ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አነበበችና ቀና ብላ፣ «እና ምኑ ላይ ነው የሚያስቀው?» አለችኝ።

«እንዴ፣ ወፍራም ናታ» አልኳት።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደወሉን ይደውሉባታል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ሲያዩት ነው እንጂ በወረቀት አያምርም ብዬ አመለጥኩ።

እልህ ያዘኝና ዲስኮቹን ከቤተ መጻሕፍቱ ተዋስኩ። ሽፋኑን ራሴ አነበብኩት፤ «ወርቃማው የሳቅ ዘመን» ይላል። ሻይና ብስኩት ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ክፍል ሳይ ፈገግ ማለት አቃተኝ። በሁለተኛው ብስኩቱን አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ሻዩንም ገፋሁት። እታለም፣ ያ ነገር ይከረፋል። የሚስቁት ሰዎች አይታዩም፤ ሳቁ ብቻ እንደ ቦይ ቆሻሻ ከሳጥኑ ይወርዳል። ሹፌሩ አንዲት ፍሬ ልጅ ደረጃ ስትወጣ ከሥር ቆሞ ያንጋጥጣል፤ ይሳቃል። የጋራዡ ጠራጊ ከህንድ የመጣ ሰው ነው፤ አፉን ሳይከፍት በስሙ ይቀልዱበታል፤ ይሳቃል። ፕራቲማ አጠገቤ ብትሆን ብዬ አሰብኩና ድምፁን ቀነስኩት፣ ቤቱ ውስጥ ከኔና ከድመቷ በቀር ማንም ሳይኖር።

ከዚያ ያቺ ሴትዮ መጣች። ተቀመጠች። ደወሉ ሁለቴ ተደወለ። ድሮ የማየው ወንዶቹን ነበር፤ አሁን እሷን አየሁ። ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ተዋናይ ናት፣ ሥራዋ ነው፤ ግን ያ አንገት አዟዟር ያንቺ ነው። አንቺ እንኳ የሷን ሲሶ አታክይም ነበር። ብታክይስ?

በጋራዡ ሻይ ቤት አንቺ ስትቀመጪ ማንኪያ ኩባያ ላይ ሁለቴ መምታት የጀመረው ያ ትኬት ቆራጩ ክሊፍ ይመስልሻል። ክሊፍ አይደለም። ቀልዱ በታየ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትሪሽን ይዘሽ መጥተሽ ከክሊፍ ትይዩ ተቀመጥሽ፤ የኔ እጅ ማንኪያውን ያዘ። ቅጭል፣ ቅጭል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚያ ተስቆልኝ አያውቅም። አንቺ ቀና ብለሽ ክሊፍን ገላመጥሽው። እኔም ክሊፍን ገላመጥኩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ።

ያን ቀን ጠዋት ምን አድርገሽልኝ ነበር? የዘወትሩን። የሥራ ሰሌዳው ፊት ቆመሽ የምትቆጪኝ መስለሽ፣ «አንተ እንቅልፋም፣ ዛሬም ስምንት ቁጥር ነን፣ በመቃብሩ በኩል ዞረን ነው የምንመለሰው፣ ሰማህ?» እያልሽ አነበብሽልኝ። ሰዉ ነዝናዛ እህት አለችው ይለኝ ነበር። ፎቅ ወጥተሽ የመድረሻውን ስም የያዘውን ጥቅል ጨርቅ በእጀታው አዞርሽልኝ። መንገድ ተዘግቶ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከኋላዬ ያለውን መስታወት በቀለበትሽ ታንኳኪ ነበር፤ አንዴ ለግራ፣ ሁለቴ ለቀኝ። አንቺ ትኬት ቆራጭ፣ እኔ ሹፌር ሆነን ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን፤ ሹፌሩ ፊደል አይለይም ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው አልነበረም።

ካንቺ በኋላ ትኬት ቆራጭ ጨርሶ ቀረና ሁሉንም ብቻዬን ሆንኩ። እጀታውን በቁጥር ያዝኩት፤ ለመቃብሩ አሥራ አራት ዙር፣ ለገበያው ዘጠኝ። አንድ እሑድ ጨርቁን በአዲስ ቀይረውት ኖሮ፣ «ወደ ጋራዥ ተመላሽ» የሚል አውቶቡሴ ግንባር ላይ ለጥፌ ረፋዱን ሙሉ ከተማውን ዞርኩ። ሰው እጁን ያነሣል፣ ያነባል፣ ያወርዳል። አራት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አንድ ነፍስ ሳልጭን። ሻይ ቤት ገብቼ «ሆን ብዬ ነው፣ ወንበሮቹ ይረፉ ብዬ» አልኳቸው። ሳቁና ሻይ ጋበዙኝ። ረፋዱን ሙሉ ከፎቁ ላይ የእግርሽን ኮቴ ስጠብቅ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ቅዳሜ በጡረተኞች ክበብ ያንኑ ቀልድ በትልቅ ሸራ አሳዩ። አዘጋጁ ክሊፍ ነው፤ ትኬት ቆራጩ ክሊፍ፣ አሁን ሁለቱንም ዳሌውን አስቀይሯል፣ አፉን ግን የሚቀይርለት ሐኪም አላገኘም። እኔ መሃል መሃል ላይ እየተነሣሁ እንድቀልድ ተጠርቻለሁ። ሠላሳ ሽማግሌ ቢራውንና የአሳማ ሥጋ ፓዩን ይዞ ተኮልኩሏል። ያቺ ሴትዮ ተቀመጠች። ማንም ሳያዛቸው ሠላሳ ማንኪያ ሠላሳ ብርጭቆ ላይ ሁለቴ አረፈ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥዎ፣ አንድም ሳይዛነፍ። ሠላሳ ዓመት አልፎ እጃቸው አልረሳም።

ክሊፍ ወደኔ ዞሮ፣ «ኸርብ፣ እህትህ በሕይወት አለች አይደል? በሚቀጥለው አምጣታ። ዩኒፎርም እኔ እፈልግላታለሁ፣ የሚበቃት ከተገኘ» አለ። ሁሉም ተራዬን ሊሰሙ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

እኔም ተነሥቼ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። አልነገርኳቸውም። ቆቤን አነሣሁና «ካንተ የተሻለች ሹፌር ይወጣት ነበር» አልኩት።

«ከኔማ ማን ያንሳል? መሪ ጨብጬ አላውቅ» አለ ክሊፍ። «ካንተስ?»

«ከኔም» አልኩት።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ወጣሁና ከክበቡ አጥር ሥር የበላሁትን ፓይ አስመለስኩት። እርጅና ነው እንዳልል ሆዴ እንደ ብረት ነው።

ከኔም ያልኩት እውነቴን ነው። የእሑዱን ግቢ ታስታውሻለሽ፣ ጋራዡ ባዶ ሲሆን መንዳት ሳለማምድሽ? ባለ ፎቁን በማጠቢያው በር ወደ ኋላ ማስገባት ነበር ፈተናው። እኔ በሦስት ሙከራ ነበር የማስገባው፣ እናም ከጋራዡ ሹፌር ሁሉ አንደኛ እባል ነበር። አንቺ በአንዴ ዶልሽው። ወረድሽ፣ ባርኔጣሽን አስተካከልሽና «ከባድ አይደለም እኮ» አልሽ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ።

ትኬት ቆራጭ ሊቀር ነው ሲባል ለሹፌርነት ተመዘገብሽ፤ ከሴት የመጀመሪያዋ። በዚያው ሳምንት ወረቀት ዞረ፤ ሴት መሪ ከጨበጠች እኛ አውቶቡስ አናወጣም የሚል። ስድሳ አራት ፊርማ ሞልቶ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዘጠነኛው የኔ ነው። በዓለም ላይ መጻፍ የምችለው አንድ ቃል ስሜን ነበር፤ እሱንም ደሞዝ ስትቀበል በጣት ከምትፈርም ብለሽ አንቺ ነሽ በትኬት ጀርባ ላይ እጄን ይዘሽ ያስተማርሽኝ። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን። ግድግዳው ፊት ቆመሽ ረጅም ጊዜ አየሽው። ከዚያ ጃኬትሽን አጥፈሽ ወንበሩ ላይ አኖርሽና ሄድሽ። ባርኔጣሽን ከላዩ አደረግሽው። ያን ቀን ማንም ማንኪያ አላነሣም።

መልሱ ይኸው። እኔ የእንቁላል ሳንድዊቼን እየበላሁ ነበር። ክሊፍ ወረቀቱን ይዞ መጣና «ለብላክፑል ሽርሽር ነው፣ የሚሄድ ይፈርም» አለኝ። ማንበብ አልችልም ማለት ሞት ነበርና እንዳነበበ ሰው ራሴን ነቅንቄ ፈረምኩ። የኔ ኃጢአት ይኸው ነው። አላወቅኩም ነበር።

አሁን የአውቶቡሱን ሰሌዳ ራሴ አነባለሁ። ወደ ስካርብራ በሳምንት ሦስቴ አለ፣ ጣቢያው ቆሜ አረጋግጫለሁ። ና ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ስትቀመጪ እኔ ቆሜ ሻይሽን እቀዳለሁ። አትምጣ ካልሽኝም ጻፊልኝ። የሚያነብልኝ ሰው አያስፈልገኝም።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልሽ። ቤትሽን ከማዕበል፣ ደጅሽን ከክፉ እግር ይጠብቅልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ወንበር የሚለቅልሽ አይጣ።

ስሙን መጻፍ ያስተማርሽው፣
ታናሽ ወንድምሽ

ከፊርማዬ በታች ትንሽ ቦታ ተረፈ። ፕራቲማ «ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡት» ትለናለችና መልሼ አነበብኩት። ያጋነንኩትን ሁሉ እዚያው እያረምኩ መጥቻለሁ፤ አንዱ ግን ሳላርመው አልፏል። ስለ ብላክፑል ማንም ምንም አላለኝም። ክሊፍን መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኩት፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ድገመው አልኩት። ደገመልኝ። ከዚያ ፈረምኩ።