የባሕሩ ሆድና ያንቺ ሆድ

ዙሌይካዬ፣

ይህን ካርድ የምጽፍልሽ ከላሙ ደሴት ወዲያ፣ መሬት ከማይታይበት ባሕር ላይ ሆኜ ነው። ጽሑፌ ቢወላገድ መርከቡ እየናጠኝ ነውና ታገሺኝ።

ከባሕሩ ሥር ጋዝ ፍለጋ ወደ ውኃው ድምፅ እንለቃለን፤ ከባሕሩ ወለልና ከሥሩ ካለው ደለል ነጥሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሥዕል ያደርገዋል። ሶሎሎ ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ያዩሽ ዕለት ትዝ አለኝ። ነርሷ «ይኸው ጭንቅላቱ» ስትለን ሁለታችንም አዎ አልን፤ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ያየነው ደመና ብቻ መሆኑን ተነጋግረን እንዴት እንደሳቅን።

ዛሬም ደመና ላይ ሳፈጥ ውዬ ድንገት ታየኝ። ከወለሉ ሥር አንድ መስመር አለ፤ ወለሉ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል፣ ልክ እንደ ጥላው። ከመስመሩ በላይ ጋዝ ያፈነ በረዶ ሊኖር ይችላል፤ ክብሪት ቢጭሩበት የሚነድ በረዶ። «አገኘን» ብዬ ስነሳ አለቃችን «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ፣ ተቆፍሮ ሳይታይ አገኘን አይባልም፤ ይመስላል በይ» አለኝ።

ቁርጥ እናትሽን። እማማ ፎዚያም ልጁ ተወልዶ ሳይታይ ልብስ አይገዛለትም ብለው ከሱቁ በር ሲመልሱን ፊታቸው እንዲሁ ነበር።

የእኛ እስኪቆፈር ዓመታት ይፈጃል። አንቺ ግን ይህ ካርድ ሞያሌ ሲደርስ ያንቺን ታቅፈሽ ይሆናል። ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ሀምዳንን ሰላም በይልኝ፣ የእማማ ፎዚያን ጉልበት ሳሚልኝ። ከላሙ ትንንሽ ቢጫ ካልሲዎች ገዝቻለሁ፤ እሱን እንዳትነግሪያቸው።

ያንቺው ጃለቱ