የዋንዛው ጉቶ

ጥቅ. 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ካርታ። ጣሊያኑ ካፒቴን በበቅሎ፣ እኔ አስተርጓሚው በእግር። ከወናጎ ወደ ጨለለቅቱ አቋራጩን የሚመሩን የጌዴኦ ሽማግሌ፣ አባ ጂግሶ። ካፒ. ቀኝ ነው ግራ እያለ ይነዘንዛቸዋል። እሳቸው ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ከውሃው ማዶ ይላሉ። “እኔ ስዞር ቀኝ አብሮኝ ይዞራል። ዳገት ይዞራል እንዴ?” አሉኝ።

ካፒ. ኮምፓሱን እያወዛወዘ ሳቀ። እነዚህ ሰዎች አቅጣጫ የሚባል አልተፈጠረባቸውም አለ። ተርጉም አለኝ! ጎበዝ ነዎት ይልዎታል አልኳቸው።

ጥቅ. 13

አፈርኩ። ለሽንት ሃያ እርምጃ ገባሁ፤ እንሰቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መውጫው ጠፋኝ። አባ ጂግሶ መጥተው አወጡኝ። ትልልቆቹን ዛፎች በተርታ በቃላቸው ይይዟቸዋል፤ እኔ ዳዊት እንደምደግም። ከወንዙ ብርብራው፣ ከብርብራው ዋንዛው፣ ከዋንዛው ሽቅብ። ፊደል የቆጠርኩት ግን እኔ ነኝ!

ጥቅ. 19

ጉድ ሆንን። ዝናቡ አባርቶ ዛሬ ወደ አቋራጩ ተመለስን። ብርብራውን አለፍን። ከዚያ አባ ጂግሶ ቆሙ። ወጡ፣ ወረዱ፣ ላብ አጠመቃቸው። ሁለት ሰዓት ዞርን። ካፒ. ለሽፍታ ሊሸጠን ነው ብሎ አሳሰራቸው፤ ወታደሮቹ ከፊት ይዘዋቸው ሄዱ።

እኔ ከኋላ። እግሬን አንድ ነገር መታኝ። ጉቶ፣ ገና እርጥብ። ዋንዛው! ግንዱ ለድልድይ ተወስዷል። በዝናቡ ሰሞን ዋንዛ ቁረጡ ብሎ ያዘዘው ራሱ ካፒ.። ትእዛዙን ለቆራጮቹ ያደረስኩት እኔ፣ በዚች ምላሴ። የትኛው ዋንዛ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አለንጋው በካፒ. እጅ። ዘጋሁት። ፈሪ!

ጥቅ. 20

ዲላ፣ እስር ቤት። ነገ አባ ጂግሶ ችሎት ይቀርባሉ፤ በዚህ ክስ ሰው ይሰቀላል። አስተርጓሚው እኔ። ሚስታቸው ከመንደራቸው ከጪጩ ቆጮ ይዘው መጥተው ጥፋቱ ምንድን ነው አሉኝ። ቆጮውን ተቀብዬ አስገባሁላቸው።

አባ ጂግሶ ስለ ገመዱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። “ልጄ፣ ጭንቅላቴ ሞተ መሰለኝ። የአባቴ መንገድ እንዴት ይጠፋኛል?” ብለው አለቀሱ። ጉቶውን አላዩትም! አገራቸውን ነጥቆ፣ ዛፋቸውን ገንድሶ፣ አሁን ደግሞ ካፒ. የገዛ አእምሯቸውን አስጠረጠራቸው!

ይበቃል። ነገ ዳኛው ፊት ያዘዘው ካፒ.፣ ያስቆረጥኩት እኔ እላለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ከዚያ በፊት ግን ለእሳቸው። አሁኑኑ እሄዳለሁ። አባ፣ ጭንቅላትዎ ደህና ነው፣ ዋንዛው ነው የተቆረጠው እላቸዋለሁ።