ሰደፉን ማን ቆረጠው?

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ
ቶራንስ ካለው የእንጨት ሥራ ወርክሾፔ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የለም... ሁለቴ ዞርኩ። ጋሼ ሰልማን ሱቃቸው በር ላይ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ጠበቁኝ። የአባታቸው ጠመንጃ። የድሮ የየመን ሥራ፣ ቁመቱ እኔን ያህላል። ሰደፉ ግን አጭር።

"አስረዝምልኝ። አስማ እሑድ ከቶሮንቶ ትመጣለች።" ታላቅ እህታቸው ናቸው።

"ምን ሆኖ አጠረ?"

"እኔ ነኛ የቆረጥኩት፣ በስድስት ዓመቴ። እስከ ዛሬ 'መጋዙ' ትለኛለች።"

ወታደር አጎታቸው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ቢደግነው አጠረበት። ያን ቀን ትንሹ ሰልማን በመጋዝ ሲጫወት ታይቷል። ተገረፈ።

"መቁረጥዎን ያስታውሳሉ?"

"ግርፋቱን አስታውሳለሁ።"

ኤፕሪል 16፣ ሐሙስ
ከዋልነት እንጨት የአንድ ስንዝር ቅጥያ አዘጋጀሁ። ነገ ሰደፉን በስቼ አጣብቃለሁ።

ኤፕሪል 17፣ ዓርብ
አልበሳሁም።

የሰደፉን ጫፍ ከጥቀርሻ ስጠርግ የብር ሽቦ ጌጥ ብቅ አለ። ሐረጉ እየተጠማዘዘ ወርዶ ጫፉ ጋ ዙሪያውን በጠርዝ ይዘጋል። ተቆርጦ ቢሆን ሐረጉ መሃል ላይ በተቋረጠ ነበር። ጫፉን የሸፈነው የነሐስ ክዳን ሚስማሮችም ተነቅለው አያውቁም። መጀመሪያ ሳየው ስብራት የመሰለኝም ስብራት አይደለም... ሁለት እንጨት ተጋጥሞ በቆዳ የታሰረ ነው። ረጅሙ አፈሙዙን ይሸከማል፣ አጭሩ ሰደፉ ነው።

ታዲያ እንዴት ይተኮሳል? የሙዚየም ፎቶዎች ኦንላይን አየሁ። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ አጭር ናቸው። ለካ ትከሻ ላይ አይደለም... ጉንጭ ላይ ወይ ብብት ሥር ነው የሚያዙት። አጎትየው በራሱ መሣሪያ ልክ ነው የለካው።

ደወልኩ።

"ማንም አልቆረጠውም፣ ጋሼ።"

"ሹር ነህ?"

"ነኝ።"

"ሶ... ቅጥያው ይቅር። ለአስማ ግን አንተ ንገራት። እኔን አታምነኝም።"

ኤፕሪል 19፣ እሑድ
እትዬ አስማ ገና ከመግባታቸው "ና እስቲ መጋዙ!" ብለው ወንድማቸውን ሳሙ። ጌጡን አሳየኋቸው። ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት፣ መነጽር ቀይረው ደግመው ዞሩት። ከዚያ ብድግ ብለው ጠመንጃውን ብብታቸው ሥር ሻጥ አደረጉት።

"አባባ እንዲህ ነበር የሚይዘው... እያየሁት አድጌ!"

"ታዲያ ያ ሁሉ ግርፋት?" አሉ ጋሼ ሰልማን።

እትዬ አስማ ስልካቸውን አወጡ። መጀመሪያ ሐረር፣ ቀጥሎ ጅዳ፣ ከዚያ ሚኒሶታ። ሁሉም ጋ በስፒከር፦ "ሰልማን አልቆረጠውም! ሲሠራም እንዲሁ ነው!"

ምሳው ቀዘቀዘ።

"ኧረ በቃ፣ ተይው አስማ" ይላሉ ጋሼ ሰልማን።

ባትሪው ሲያልቅ ግን ቻርጀር ፈልገው የሰኩላቸው እሳቸው ናቸው።